ኮሽ የማይል ልብስ፦ በመንዝ ደጋ የዱር እንስሳትን በቅርብ ለሚያጠና ሰው የአለባበስ ምርጫ

መግቢያ

በቀስት የሚያድን ሰው በጠመንጃ ከሚያድነው የሚለይበት ዋናው ነገር ርቀት ነው። ጠመንጃ የያዘው ከ100 ሜትር በላይ ርቆ ሊተኩስ ሲችል፣ ቀስት የያዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 30 ሜትርና ከዚያም በታች መጠጋት ይኖርበታል። በዚህ ርቀት እንስሳው የአዳኙን እርምጃ ይሰማል፣ ጠረኑን ያሸታል፣ የእጁን እንቅስቃሴ ያያል። ስለዚህ የቀስት አደን ዕውቀት በአመዛኙ እንስሳን ሳያስደነግጡ የመቅረብ ዕውቀት ነው። ከዚህ ዕውቀት ውስጥ ሰፊውን ቦታ ከሚይዙት አንዱ የአለባበስ ጉዳይ ሲሆን፣ ብዙ ልምድ ያላቸው ቀስተኞች ዥንጉርጉር የመመሳሰያ ልብስ ሳይለብሱ፣ ድምፅ በማያሰማና ለአየሩ በሚስማማ ተራ ልብስ ብቻ ግዳያቸውን መቅረብ እንደሚቻል ያስረዳሉ።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በቀስት በብዛት የሚታደነው እንስሳ በመጽሐፍ ቅዱሳችን «ዋላ» የተባለው፣ ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ የሚያበቅለው ወገን ነው። ይህ ወገን ከሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በስተቀር በአህጉራችን በተፈጥሮ አይገኝም። እኛ አጋዘን፣ ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ የምንላቸው ቀንዳቸው ቋሚ የሆነ፣ ከላምና ከፍየል ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ እንስሳት ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች የሚያመሰኩ፣ ከአዳኝ አራዊት ለመዳን በዐይናቸው፣ በጆሯቸውና በአፍንጫቸው የሚተማመኑ በመሆናቸው፣ ስለ አንደኛው የተገኘው ዕውቀት ለሌላው መነሻ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በመንዝ ደጋ ላይ ነው። የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ሞላሌ በሰሜን ሸዋ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ ናት። በጎረቤት የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋው የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ይገኛል። በዚህ ምድር ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ ሰስ፣ ሚዳቋና ጥንቸል ይኖራሉ። በአገራችን የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ሲሆን፣ ጓሳም የጥበቃ እንጂ የአደን ቦታ አይደለም። ስለዚህ በመንዝ የመቅረብ ጥበብ የሚያስፈልገው ለአዳኝ ሳይሆን እንስሳቱን ለሚቆጥር ተመራማሪ፣ ለማኅበረሰብ ጠባቂና ለመስክ ሥራ ለሚወጣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። የተመልካቹ ልብስ ኮሽ ባለ ቁጥር ቀና የሚል ሚዳቋ ግጦሹን ያቋርጣል፤ ተመልካቹ የሚመዘግበውም የእንስሳውን ተፈጥሯዊ ባሕርይ ሳይሆን እርሱ ራሱ የፈጠረውን ድንጋጤ ይሆናል። በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 የማይበልጡትን ቀይ ቀበሮዎች በሚመለከት ጥናት እንዲህ ያለ ስሕተት ውድ ዋጋ ያስከፍላል። በዚህ ላይ በመንዝ ደጋ ላይ ያላግባብ የለበሰ ሰው ጤናውን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። የጽሑፉ መከራከሪያ እንዲህ ነው፦ በመንዝ ለመስክ ሥራ የሚለበስ ልብስ በቅድሚያ በድምፁና ብርድን በመከላከል አቅሙ ሊመረጥ ይገባል፤ የቀለም ጌጡ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ የሚፈለገውም ባሕርይ ከሞላ ጎደል በአካባቢው የበግ ሱፍ ልብስ ውስጥ ይገኛል።

እንስሳው የሚያየውና የማያየው

የመመሳሰያ ልብስ በሥርዓት የተስፋፋው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1915 ለዚሁ ሥራ የተለየ ክፍል ሲያቋቁም ዓላማው ወታደርንና መሣሪያን ከሰው ዐይን መሰወር ነበር። ዥንጉርጉሩ ልብስ በኋላ ወደ አደን ገበያ ሲሻገርም የሰውን ዐይን መለኪያ እንደ ያዘ ተሻገረ። የሰው ዐይንና የሚዳቋ ዐይን ግን አንድ አይደሉም።

የሰው ዐይን ቀለምን የሚለየው በሦስት ዓይነት ተቀባይ ሕዋሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በነጭ ጭራ ዋላ ዐይን ላይ የታተመ ጥናት የዚህ እንስሳ ቀለም ተቀባዮች ሁለት ዓይነት ብቻ እንደ ሆኑ አሳይቷል፤ አንደኛው በሰማያዊ፣ ሁለተኛው በአረንጓዴ አካባቢ ይበልጥ የሚነቃቁ ናቸው። ላም፣ በግና ፍየልም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ተቀባይ ያላቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ዐይን ቀይንና ብርቱካናማን ከአረንጓዴ ወይም ከቡናማ አጥርቶ አይለይም። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች በጠመንጃ የሚያድኑ ሰዎች እርስ በርስ እንዳይተኳኮሱ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ እንዲለብሱ በሕግ የሚገደዱት፣ ግዳዩም በዚህ ምክንያት የማይርቃቸው ከዚህ የተነሣ ነው። በአንጻሩ ሰማያዊ ቀለም ለእነዚህ እንስሳት ጎልቶ ይታያል።

ሁለተኛው ልዩነት ዝርዝርን የማየት አቅም ነው። የሚያመሰኩ እንስሳት ዐይን በጎን በኩል የተቀመጠና ብሌኑ አግድም የተዘረጋ በመሆኑ ዙሪያቸውን ወደ 300 ዲግሪ ገደማ ይቃኛሉ። ሆኖም ጥቃቅን ዝርዝርን በመለየት ከሰው ያንሳሉ። ስለዚህ በልብሱ ላይ የታተመው የቅጠልና የጭራሮ ሥዕል ከጥቂት ርቀት ላይ ተደበላልቆ አንድ ወጥ ጥላ ይሆናል፤ ባለቤቱ የከፈለበት ሥዕል ለእንስሳው አይታየውም። ዐይናቸው አጥብቆ የሚይዘው እንቅስቃሴንና ከሰማይ ጋር የተጋጠመ ቀጥ ያለ የሰው ቅርጽ ነው።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሳሙና ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ የዱቄት ሳሙናዎች ነጭ ልብስን ይበልጥ የሚያነጡ ኬሚካሎች አሉባቸው። እነዚህ ኬሚካሎች ለሰው የማይታየውን ልዕለ ሐምራዊ (አልትራቫዮሌት) ጨረር ተቀብለው ወደ ሰማያዊ ብርሃን ይለውጡታል። ሰማያዊ ደግሞ ከላይ እንደ ተገለጸው ለሚያመሰኩ እንስሳት ጎልቶ የሚታይ ቀለም ነው። በተራራ ላይ የልዕለ ሐምራዊ ጨረር መጠን በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በዱቄት ሳሙና የታጠበ ልብስ በመንዝ ከፍታ ላይ ይበልጥ ሊያበራ ይችላል። ልብሱ ይህ ጠባይ እንዳለው ለማወቅ ሐሰተኛ ብር ለመለየት በሚያገለግለው መብራት በጨለማ ክፍል ውስጥ ማብራት በቂ ነው፤ ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ከበራ ለመስክ አይመረጥም።

በመንዝ ግን ሁሉም እንስሳ እንደ ሚዳቋ አያይም። ጭላዳ እንደ ሌሎቹ የአፍሪካ ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች ሁሉ ቀለምን በሦስት ተቀባይ፣ ማለትም ከሰው ጋር በሚመሳሰል መንገድ ያያል። የቀበሮ ዘመድ የሆነው ውሻ ደግሞ ሁለት ተቀባይ ብቻ አለው። ስለዚህ ከሁሉም እንስሳት ዐይን የሚሰውር አንድ የቀለም ዓይነት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ለሁሉም የሚበጀው ያልተቀለመ፣ የማያብለጨልጭ ቡናማ ወይም ግራጫ ልብስ ነው።

ድምፅ፦ የማይታየው ምልክት

የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ ነው። በግ ወደ 40 ኪሎ ኸርዝ የሚጠጋውን፣ ነጭ ጭራ ዋላም እስከ 54 ኪሎ ኸርዝ የሚደርሰውን ይሰማሉ። ስለዚህ ለለባሹ ጸጥ ያለ የሚመስለው ልብስ ለእንስሳው ጸጥ ያለ ላይሆን ይችላል። በተለይ ናይሎንና በፕላስቲክ የተለበጠ ፖሊስተር ክንድ ከጎን፣ ጭን ከጭን ጋር በተፋተገ ቁጥር ቀጭንና ስለታም ድምፅ ያወጣሉ። የቅጠልና የሣር ኮሽታ በነፋስ ምክንያት በየጊዜው የሚሰማ ስለ ሆነ እንስሳው ለምዶታል፤ የናይሎን ሽክሽክታ ግን በተፈጥሮ ውስጥ አምሳያ የለውም። ከዚህም በላይ ከእርምጃ ጋር እኩል የሚደጋገም በመሆኑ አንድ ነገር እየቀረበ እንደ ሆነ ለእንስሳው ያረዳል።

የድምፁ ምንጭ የጨርቁ ገጽ ነው። ገጹ ለስላሳና ጠጣር ሲሆን ሁለት ገጾች ሲተሻሹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ጨርቁም እንደ ከበሮ ቆዳ ድምፁን ያጎላዋል። ገጹ ጠጉራም ሲሆን ግን ጥቃቅኖቹ ክሮች እየተጣጠፉ መተሻሸቱን ያለዝቡታል፤ በክሮቹ መካከል ያለውም አየር ድምፁን ይውጠዋል። የሱፍ ጨርቅና ጠጉራም የፖሊስተር ሹራብ በዚህ ረገድ ተመራጭ የሚሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው። ሱፍ በውኃ እየታሸ ሲጠብቅ ክሮቹ ስለሚቆላለፉ ገጹ ይበልጥ ይደፈናል፤ ነፋስ የሚያስገባው ቀዳዳም ይቀንሳል።

ከጨርቁ ሌላ ማያያዣዎችም ይመረመራሉ። ቬልክሮ የሚባለው ተለጣፊ ማያያዣ ሲላቀቅ የሚያሰማው መንጫረር የአንድ ሰዓት ትዕግሥትን በአንድ ጊዜ ያፈርሳል። የብረት ዚፕ፣ በኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍና ሳንቲም፣ የፕላስቲክ ከረጢትም እንደዚሁ ናቸው። ከቀንድ ወይም ከእንጨት የተሠራ ቁልፍ፣ ወይም በክር የሚቋጠር ማሰሪያ ይሻላል። ጫማን በሚመለከት ወፍራም ቦቲ ጫማ እርጥበትን ቢከላከልም ቅልጥሙ ከሱሪ ጋር ይተሻሻል፤ ሱሪው ከውጭ ወርዶ ጫማውን ቢሸፍነው ኮሽታው ይቀንሳል።

ብርድ፣ ነፋስና እርጥበት

ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየር ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። በመንዝ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ንጋት ላይም ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ቆዳ ይለበልባል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ፣ በረዶውና ከገደሉ ሥር የሚነሣው ጉም ይፈራረቃሉ። የበልግ ዝናብም አለ። ስለዚህ በአንድ ቀን ውስጥ ውርጭን፣ ፀሐይንና እርጥበትን የሚችል ልብስ ያስፈልጋል።

እንስሳ የሚያጠና ሰው ከሚጓዝ ሰው የባሰ ችግር አለበት። ሲወጣ ያልበዋል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። ያላበው ልብስ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ሙቀቱን ይመጥበታል፤ ምክንያቱም ውኃ ከማይንቀሳቀስ አየር ይልቅ ሙቀትን ወደ 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፣ እግር ይለዋወጣል፣ እጅ ይታሻል። እንስሳው የሚያየው ይህንን እንቅስቃሴ ነው። ብርድን የሚከላከል ልብስ እንግዲህ ጤናን ብቻ ሳይሆን ጸጥታንም ይጠብቃል፤ የበረደው ሰው ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልምና።

የጨርቆች ልዩነት ግልጽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በመካከለኛ እርጥበት አየር ውስጥ ሱፍ ከደረቅ ክብደቱ 16 በመቶ ገደማ፣ ጥጥ ወደ 8 በመቶ፣ ፖሊስተር ደግሞ ከ1 በመቶ በታች የሚሆን የውኃ ተን በውስጡ ይይዛል። በጣም እርጥብ በሆነ አየር ውስጥ ሱፍ የሚይዘው ወደ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ሆኖም እጅ ሲነካው እርጥብ አይመስልም። እንዲያውም ተኑን ሲቀበል ጥቂት ሙቀት ይለቃል። የሱፍ ክር በተፈጥሮው ጥምዝምዝ ስለ ሆነ ሲረጥብም እንኳ አየር አዝሎ ይቆያል። ጥጥ ግን ሲረጥብ ክሮቹ ተጣብቀው አየሩን ይለቃሉ። በደረቅ ሌሊት የሚመሰገነው ጋቢ በክረምት ጉም ውስጥ ለተመልካች የማይስማማው ለዚህ ነው። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን ጠጉራሙ ዓይነት ነፋስ ያሳልፋል፣ የተለበጠው ደግሞ ይንሸካሸካል።

የመንዝ ሱፍ እንደ መስክ ልብስ

መንዝ በበጉና በሱፉ የታወቀ አገር ነው። የመንዝ በግ አነስተኛ ቁመና ያለው፣ ላቱ የደለበ፣ ሸካራ ሱፍ የሚያበቅል፣ ውርጭንና የግጦሽ እጥረትን የሚችል ዝርያ ነው። ሱፉ ከተሸለተ በኋላ ይጸዳል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያም በሸማኔ እጅ በርኖስ፣ ባና ወይም ዝተት ይሆናል። የሚነደፍበት መሣሪያ ደጋን የሚባል መሆኑም ልብ ይባላል፤ ቀስት የሚወረወርበትና ሱፍ የሚነደፍበት መሣሪያ በአማርኛ አንድ ስም ይጋራሉ።

ከላይ በተዘረዘሩት መለኪያዎች ሲመዘን በርኖስ ብዙውን ፈተና ያልፋል። ገጹ ጠጉራም ስለ ሆነ ኮሽ አይልም፤ ወፍራም በመሆኑ ነፋስ ይመልሳል፤ ሲረጥብም ሙቀት ይይዛል። ሰፊና እጅጌ የሌለው መሆኑ ሌላ ጥቅም አለው። ተመልካቹ በውስጡ ሆኖ ማስታወሻ ሲጽፍ ወይም መነጽሩን ሲያዘጋጅ የእጁ እንቅስቃሴ አይታይም። ሲቀመጥም የትከሻውና የክንዱ ቅርጽ ጠፍቶ ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። በርኖስ በብዛት ጥቁር ነው፤ ጥቁር ልብስ በደረቀ ጓሳ ሣር መካከል ወይም በተራራ ጫፍ ላይ ከሩቅ ይለያል። ስለዚህ የለበሰው ሰው ከሰማይ ጋር ከሚያጋጥመው ጫፍ ወርዶ፣ ጀርባውን ለድንጋይ ወይም ለቁጥቋጦ ሰጥቶ መቀመጥ ይኖርበታል። ካልተቀለመ ቡናማና ግራጫ ሱፍ የተሠራ ባና በቀለሙ ይሻላል። ሱፉ ሸካራ በመሆኑ ራቁት ቆዳ ላይ አይለበስም። ዝናብ ጠጥቶ ከረሰረሰ ደግሞ ይከብዳል፤ ለመድረቅም ቀን ይወስዳል።

ለከባድ ዝናብ የደገኛው ነባር መልስ ከሣር የሚሠራው ገሳ ነው። የጓሳ ሣር ከቤት ክዳንና ከገመድ በተጨማሪ ለዚህም ሲያገለግል ኖሯል። ገሳ ውኃን ከላይ ወደ ታች ያንሸራትታል፤ ሲደርቅ ግን ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ የሚበጀው ዝናቡ ራሱ ድምፅን በሚውጥበት ሰዓት ነው። የፕላስቲክ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰውም ከበርኖሱ ሥር ቢያደርገው ገጹ በሱፉ ተሸፍኖ ሽክሽክታው ይታፈናል፤ ሱፉ ቢረጥብም ሰውየው አይረጥብም።

ይህን ሁሉ ያቆየው የጓሳ ሕዝብ የጥበቃ ልማድ እንደ ሆነም መዘንጋት የለበትም። ሣሩ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ቄሮ በተባለው የጋራ አስተዳደር ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ ለዓመታት ተዘግቶ ሲበቃ ይከፈት ነበር። ገሳው፣ ግጦሹና ቀበሮው የዚያ ሥርዓት ፍሬዎች ናቸው።

ዥንጉርጉር ልብስና የሰው ዐይን

እስካሁን የቀረበው ክርክር ዥንጉርጉር ልብስ አስፈላጊ አለመሆኑን ያሳያል። በመንዝ ሁኔታ ግን ከዚህ አልፎ ጎጂም ሊሆን ይችላል። በተለምዶ «ሬንጀር» የሚባለው ልብስ በአገራችን የታጣቂ መለያ ነው። ሰሜን ሸዋ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የትጥቅ ግጭት የደረሰበት ምድር ሲሆን፣ እንዲህ ለብሶ በቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጦ መነጽር የሚያነጣጥር ሰው ለእረኛው፣ ለገበሬውም ሆነ ለጸጥታ አካል ምን መስሎ እንደሚታይ ለመገመት አያዳግትም። ልብሱ ከሚዳቋ ዐይን ሳይሰውረው በሰው ዐይን ለአደጋ ያጋልጠዋል።

የእምነትም ጉዳይ አለ። በማኅበረሰብ በሚጠበቅ ቦታ የሚሠራ ተመራማሪ የሚኖረው በሕዝቡ ፈቃድ ነው። ራሱን የሚሰውር እንግዳ ይጠረጠራል፤ የአገሩን በርኖስ ወይም ባና ደርቦ፣ ለቀበሌውና ለጠባቂዎቹ አስታውቆ የሚወጣ ሰው ግን ከሩቅ ሰላምታ ያገኛል። ከእንስሳት ዐይን ዝቅ ብሎ ለሰው ዐይን ግልጽ ሆኖ መታየት የሚቻለው በእንዲህ ያለ ልብስ ነው። አስፈላጊ ሲሆንም ብርቱካናማ ሻሽ አንገት ላይ ማሰር ለሰው ምልክት ይሆናል፤ ሚዳቋና ሰስ ቀለሙን እንደ እኛ አያዩትም፤ ጭላዳ ግን ያየዋል።

የአለባበስ ቅደም ተከተል

ከላይ የተባለው በተግባር ሲተረጎም በሦስት ድርብ ይጠቃለላል። ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ላብን የማይዝ ቀጭን ሹራብ ይሁን፤ ከልባሽ ጨርቅ ገበያ የሚገኝ ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ሹራብ ለዚህ ይበቃል። ሁለተኛው ሙቀት የሚይዝ ጠጉራም ሹራብ ነው። ሦስተኛው በርኖስ ወይም ባና ሲሆን ዳገት ሲወጣ ተጠቅልሎ ይያዛል፣ ሲቀመጥ ይለበሳል። ይህ ቅደም ተከተል መከበር አለበት፤ ሁሉን ደርቦ ዳገት የወጣ ሰው በላቡ ይበርደዋልና። ራስ፣ እጅና እግርም የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንትና ካልሲ ያስፈልጋቸዋል። ኮፍያው በቀን ከፀሐይ፣ በሌሊት ከውርጭ ይጠብቃል፤ ባለ ክፈፍ ከሆነም የፊትን ንጣትና የመነጽርን ብልጭታ ያጠላል።

ልብሱ ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት በሦስት ቀላል መንገዶች ሊፈተን ይችላል። በመጀመሪያ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ እጅጌውን ከጆሮ አጠገብ ማሻሸት፤ ለራስ የሚሰማ ከሆነ ለእንስሳው የበለጠ ይሰማል። ሁለተኛ በውኃ ነክሮ ጨምቆ ለብሶ ነፋስ ላይ ሩብ ሰዓት መቀመጥ፤ በዚህ ጊዜ የሚያንቀጠቅጥ ልብስ በተራራው ላይ አይታመንም። ይህን ፈተና ሌላ ሰው በአቅራቢያ እያለ፣ ደረቅ ልብስም ተዘጋጅቶ ማድረግ ይገባል። ሦስተኛ ቀደም ሲል በተጠቀሰው የብር መፈተሻ መብራት መመርመር።

ለእጥበት እንዶድ ጥሩ አማራጭ ነው፤ የሚያነጡ ኬሚካሎች የሉትም፣ በነባሩ ልማድም የልብስ ማጠቢያ ነው። ይሁን እንጂ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ የወንዝ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የተገነዘቡት በዚሁ እጥበት አጠገብ መሆኑ ይታወሳል። ዓሣንም ይጎዳል። ስለዚህ እጣቢው በጓሳ ምንጮችና ጅረቶች ውስጥ ሳይሆን ከውኃው ርቆ በመሬት ላይ ሊደፋ ይገባል።

ልብስ የማይሸፍነው

ልብስ የማይሸፍናቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጠረን ነው። በደጋ ቤት የጢስ ሽታ በሱፍ ውስጥ ይቀራል፤ የሰው ላብም እንዲሁ። መፍትሔው ነፋስን ማወቅ ነው። ሌሊትና ንጋት ላይ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይወርዳል፣ ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቅ ደግሞ ሽቅብ ይነሣል። ስለዚህ ማለዳ ከታች በኩል፣ ረፋድ ላይ ከላይ በኩል መቅረብ ጠረንን ከእንስሳው ያርቃል።

ሁለተኛው አካሄድ ነው። በጓሳ ራሱ የተገኘ አንድ ጥናት ይህን በሚገባ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ቀይ ቀበሮዎች በጭላዳ መንጋ መካከል ሆነው አይጥ ሲያድኑ 67 በመቶ ያህሉ ሙከራ ሲሳካላቸው፣ ለብቻቸው ሲያድኑ ግን የሚሳካላቸው 25 በመቶው ነበር። ቀበሮው በመንጋው መካከል የሚዘዋወረው ተሰውሮ ሳይሆን በግልጽ፣ በእርጋታና የጭላዳ ግልገሎችን ሳይተናኮል ነው። ጭላዳዎቹም ውሻ ሲመጣ ወደ ገደል ሲሸሹ ለቀበሮው ግን ጥቂት ብቻ ፈቀቅ ይላሉ። ጭላዳን ለሚያጠና ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው። ነብር አድፍጦ እንደሚመጣ የሚያውቅ እንስሳ ዘንድ ድንገት ከቁጥቋጦ ብቅ የሚል ሰው አስፈሪ ነው፤ በየቀኑ በአንድ ዓይነት ልብስ፣ በግልጽና በቀስታ የሚመጣ ሰው ግን ቀስ በቀስ ይለመዳል።

ማጠቃለያ

የቀስት አዳኞች ልምድ፣ ስለ እንስሳት ዐይንና ጆሮ የተደረጉ ጥናቶችና የመንዝ ደገኞች ነባር አለባበስ ወደ አንድ መደምደሚያ ያመራሉ። ለሚዳቋና ለሰስ ድምፅ የማያሰማ፣ የማያበራና ቅርጽን የሚያደበዝዝ ልብስ ይበቃል፤ ለጭላዳ ደግሞ የታወቀና የማይለዋወጥ አለባበስ ይሻላል። ለተመልካቹ ራሱ ሲረጥብም የሚያሞቅ ልብስ የግድ ነው። የመንዝ ሱፍ በክብደቱና በአደራረቁ ካለበት ጉድለት በቀር እነዚህን ፍላጎቶች ያሟላል።

ከዚህ የሚመነጭ አንድ ተግባራዊ ሐሳብ አለ። ወደ ጓሳና ወደ መሰል ደጋዎች ተማሪ የሚልኩ የትምህርት ክፍሎች የመስክ ልብስ ሲገዙ ዥንጉርጉር ወይም የተለበጠ ጃኬት ከማሰብ ይልቅ ያልተቀለመ በርኖስና ባና ከመንዝ ፈታዮችና ሸማኔዎች ቢያሠሩ፣ ተማሪው ይሞቃል፣ እንስሳው አይረበሽም፣ የጥበቃውን ሸክም የተሸከመው ሕዝብም ከምርምሩ የሚያገኘው ገቢ ይኖረዋል። በርኖሱን ከሚሠራው ሰው ጋር ስለ ጨርቁ ውፍረት፣ ስለ ቀለሙና ስለ ማያያዣው ተመካክሮ ማሠራት ደግሞ የመስክ ዝግጅቱ የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን ይገባል።